ከኬዙ ጋር በነጻ የመጣው ዕቃ

ጓደኛዬ ኮምፒውተሩን ለመገጣጠም ስምንት ወር ብር አጠራቅሟል። የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት እያደረገ፣ ለቡቲኮች የቴሌግራም ፖስተር እየሠራ፣ ምሳ እየዘለለ። ፕሮሰሰሩን ለመምረጥ ሁለት ሳምንት ዩቲዩብ ላይ አመሸ። ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት ከአራት ሰው ጋር ተደራደረ። ፓወር ሰፕላዩን ግን አልመረጠውም። ኬዙን ሲገዛ ውስጡ ተገጥሞ ነበር። "ይሄ በነጻ ነው ወንድሜ፤ 500 ዋት ነው፣ ሁሉንም ይችላል" አለው ሻጩ። እሱም አመስግኖ ተሸክሞት ወጣ።

ኮምፒውተሩ አንድ ወር ከምናምን ሠራ። አንድ ቅዳሜ ማታ የሠርግ ቪዲዮ ሬንደር እያደረገ መብራት ሄደ፤ መጣ፤ እንደገና ሄደ፤ እንደገና መጣ። ሲመጣ እየተነሳ፣ ሲጠፋ እየጠፋ ትንሽ ቆየና "ጧ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። ሰኞ ጠዋት ጠጋኝ ጋር ሲወስደው ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን አልሞተም፤ ማዘርቦርዱንም ግራፊክስ ካርዱንም ይዞ ሄዷል። ዲስኩ በተአምር ተርፎ ሙሽሮቹ ቪዲዮአቸውን አገኙ። ጓደኛዬ ግን የስምንት ወር ልፋቱን አላገኘም።

ይህን ታሪክ የምጽፈው እሱን ለማሳዘን አይደለም። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ አብሬው ነበርኩ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ወጪ፣ ስለ ስጋት፣ ስለ ገበያ የተማርኩት ሰው "በነጻ" የሚለውን ቃል ስሰማ ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ በከፊል ዕዳ መክፈያ ነው።

ዛሬ ብዙዎቻችን ኮምፒውተር የምንገጣጥመው ለጌም ብቻ አይደለም። ቪዲዮ የሚቆርጠው፣ የቤት ዲዛይን የሚሠራው፣ ኮድ የሚጽፈው፣ ከውጭ አገር ደንበኛ በኦንላይን ሥራ የሚቀበለው ወጣት ኮምፒውተሩ ሱቁ ነው፤ ታክሲ ለሹፌር እንደሆነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው ሌላ ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የዛን ጊዜ የተቃጠለ ካርድ ዛሬ በዚያው ብር አይተካም። አንድ ጊዜ መሳሳት ራሱ ተወደደ።

የሚገርመው፣ በዚህ ሁሉ መካከል ከሁሉም በላይ የምንንቀው ዕቃ ሌሎቹን በሙሉ መግደል የሚችለው መሆኑ ነው።

ምን ያደርጋል?

የግድግዳችን ሶኬት የሚሰጠው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። ኮምፒውተሩ የሚበላው ደግሞ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ። መሀል ላይ ቆሞ የሚቀይረው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ፕሮሰሰሩም፣ ካርዱም፣ ዲስኩም፣ ፋኑም የሚጎርሱት ከእሱ እጅ ነው። 12 ቮልቱ ከአምስት በመቶ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ደረጃው አይፈቅድም፤ ማለትም ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ውስጥ መቆየት አለበት።

ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽም ጨዋ ነው። ቮልቴጁ ካለፈ፣ ጭነት ከበዛ፣ ሾርት ካደረገ ወይም ከልክ በላይ ከጋለ ራሱን ያጠፋል። መጥፎው እነዚህ መከላከያዎች ከነጭራሹ የሉትም፤ ወይም በካርቶኑ ላይ ተጽፈው ውስጡ የሉም። ሲሞት ያገኘውን ይዞ ይሞታል። ፕሮሰሰር ቢሞት ኪሳራው የአንድ ፕሮሰሰር ዋጋ ነው። ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ግን ኪሳራው ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

የሎሚ ገበያ

ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1970 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለ ያገለገሉ መኪናዎች አንድ ጽሑፍ ጻፈ። አሜሪካኖች ውጪዋ አምሮ ውስጧ የተበላሸ መኪናን "ሎሚ" ይሏታል። የአከርሎፍ ነገር ቀላል ነው፦ ሻጩ መኪናዋን ያውቃታል፣ ገዢው አያውቃትም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለጥሩው ተጨማሪ ብር አይከፍልም። ተጨማሪ ብር ካልተከፈለ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ወደ ገበያው አያወጣውም። ቀስ በቀስ ገበያው ላይ ሎሚ ብቻ ይቀራል። በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ሐሳብ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሱቆች እንምጣ። መደርደሪያው ላይ ሁለት የብረት ሳጥን አለ። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም ፋን አላቸው፣ ሁለቱም ላይ "500 ዋት" ተጽፏል። የአንዱ ዋጋ የሌላው ሦስት እጥፍ ነው። ልዩነቱ ውስጥ ነው፤ ውስጡን ደግሞ ገዢው አያየውም። ታዲያ የትኛውን ይገዛል? ርካሹን። ነጋዴውስ በሚቀጥለው ጊዜ የትኛውን ያስመጣል? የሚሸጠውን። በዚህ መንገድ ማንም ክፉ ሳይሆን ገበያው በሎሚ ይሞላል።

ስለዚህ መውጫው አንድ ነው፦ ውስጡን ሳንከፍት ውስጡን ማንበብ መቻል።

ትልቁን ቁጥር ተዉት

ሳጥኑ ጎን ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። በትልቁ የተጻፈውን "500" እርሱት፤ አንዳንድ ጊዜ የሞዴሉ ስም እንጂ የዋቱ መጠን እንኳን አይደለም። ጣታችሁን "12 ቮልት" በሚለው ዓምድ ላይ አድርጉና አምፒሩን አንብቡ። ከዚያ ስልካችሁን አውጥታችሁ 12ን በአምፒሩ አባዙት።

ለምሳሌ 16 አምፒር ካለ 12 ሲባዛ በ16፣ 192 ዋት። "500 ዋት" የተባለው ሳጥን ዘመናዊ ኮምፒውተር በዋናነት ለሚጠቀምበት መስመር የሚሰጠው 192 ብቻ ነው ማለት ነው። ቀሪው በ5 እና በ3.3 ቮልት ላይ ተደምሮ የተጻፈ ነው፤ የዛሬው ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ዋናውን ጉልበት የሚወስዱት ከ12 ቮልቱ ነው። የታመነ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ በ12 ቮልቱ ላይ 40 አምፒር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይጽፋል፤ ስታባዙት ከስሙ ጋር ይቀራረባል። ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ከተራራቁ ሳጥኑን መልሱና "እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላችሁ ውጡ።

ሠንጠረዡ ጨርሶ ከሌለስ? ያኔም ውጡ። በእርግጥ ወረቀትም ሊዋሽ ይችላል። ቢሆንም ራሱ ወረቀቱ ላይ የተናዘዘውን ሳያነቡ መግዛት ግን የእኛ ጥፋት ነው።

ስንት ዋት ይበቃል?

እዚህ ጋ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት አለ። አንዱ ዩቲዩበር "ከ850 በታች አትግዙ" ሲል ሰምቶ ዩኒቨርሲቲ ለሚማርበት ኮምፒውተር 850 የሚፈልግ አለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ በመጫኛ ታነቀች ይሉ የለ? ሒሳቡን ራሳችን እንሥራው።

ኮር አይ5 12400ኤፍ ፕሮሰሰር ሲሮጥ እስከ 117 ዋት ይወስዳል። አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ 170 ዋት። ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ዲስክና ፋን ተደምረው 60 ዋት እንበል። ድምሩ 347። ካርዶች ለቅጽበት ከተጻፈው በላይ ስለሚዘሉ፣ ፓወር ሰፕላይም ሙሉ ጭነት ላይ ዘወትር መሥራት ስለሌለበት መተንፈሻ እንተዋለን። ኤንቪዲያ ራሱ ለዚህ ካርድ የሚመክረው 550 ዋት ነው። እውነተኛ 550 በቂ ነው፤ 850 አያስፈልግም። ያ ባለ 192 ዋት ሳጥን ግን ካርዱንና ፕሮሰሰሩን አብሮ መሸከም አይችልም። የጓደኛዬም እንዲሁ ነበር። እሱ ሬንደር ሲያደርግ ኮምፒውተሩ እየዘጋበት ለሳምንታት ፕሮግራሙን ይሰድብ ነበር።

ግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ለምሳሌ በራይዘን 5 5600ጂ ብቻ የሚሠራ ኮምፒውተርማ ሲጨናነቅ እንኳን ከ150 ዋት ብዙም አያልፍም። ለእሱ ጥሩ 400 ወይም 450 ዋት ከበቂ በላይ ነው። መርሁ ይህ ነው፦ ከትልቅ ውሸት ትንሽ እውነት ይሻላል።

ወርቁ ምን ይነግረናል?

ካርቶኑ ላይ "80 ፕላስ" የሚል ምልክት ታያላችሁ። ተራ፣ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነም፣ ታይታኒየም እያለ ይወጣል። የሚለካው ከሶኬት ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ስንት በመቶው ለኮምፒውተሩ እንደሚደርስ ነው። ነሐሱ በግማሽ ጭነት 85 በመቶ፣ ወርቁ 90 በመቶ አካባቢ ያደርሳል። የተረፈው ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ብዙ ሰው ወርቅ የሚገዛው "የመብራት ሒሳብ ይቀንሳል" ተብሎ ነው። እናስላው። ኮምፒውተሩ 200 ዋት ቢፈልግና በቀን ስድስት ሰዓት ብንሠራበት፣ 80 በመቶ የሚያደርሰው ከሶኬት 250 ዋት ይወስዳል፤ 90 በመቶ የሚያደርሰው 222። ልዩነቱ በወር 5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ታሪፉ እየጨመረም ቢሆን ይህ የወርቁን ዋጋ ቶሎ አይመልስም። ስለዚህ ሻጭ በመብራት ሒሳብ አያሳምናችሁ።

ታዲያ ምልክቱ ምን ይጠቅማል? ከቆጣቢነት ሌላ ነገርን በቀጥታ አይለካም፤ መከላከያ አለው አይልም፣ ዕድሜው ረጅም ነው አይልም። ግን ነሐስን እንኳን ለማግኘት አምራቹ ጨዋ ዕቃ ውስጡ መክተት አለበት። ለእኔ ለተራ ሠራተኛ ኮምፒውተር ነሐስ በቂ መነሻ ነው። ከነሐስና ከወርቅ አንዱን ስትመርጡ ደግሞ ቀለሙን ሳይሆን የዋስትና ዘመኑን አወዳድሩ። አምስት ዓመት ዋስትና የሚሰጥ አምራች ስለ ዕቃው የሚያውቀው ነገር አለ፤ አንድ ወር የሚሰጠውም እንዲሁ የሚያውቀው ነገር አለ።

የእኛ መብራት

በውጭ አገር ቪዲዮዎች የማይነገረን ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ እኛ ጋ መብራት ይሄዳል፤ ሲመለስም በሰላም አይመለስም። የሰፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሳ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይዘላል። ቤተሰቦቻችን ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ለዚህ ነው ለፍሪጁ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያስነሳ መከላከያ የሚገዙት። እኛ ግን ከፍሪጁ የሚበልጥ ዋጋ ያለውን ኮምፒውተር ሦስት ቻርጀር ከተሰካበት ዲቫይደር ላይ ሰክተን እንተኛለን።

ዩፒኤስ ግዙ የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ዩፒኤሱ ላይ "650" ተብሎ የተጻፈው ዋት አይደለም፣ ቮልት አምፒር ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ዩፒኤሶች ላይ እውነተኛው ዋት ከዚያ 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ማለትም 390 አካባቢ። ጀርባውን አንብቡ። ሁለተኛ፣ መብራት ሲሄድ ተራ ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ለመዞር ጥቂት ሚሊሰከንድ፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩን የሚይዘው የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተር ነው። ደረጃውን የጠበቀ ከ16 ሚሊሰከንድ ባላነሰ ይይዛል። ርካሹ ካፓሲተሩ ላይ ስለቆጠበ አይይዝም። "ዩፒኤስ ገዝቼም ኮምፒውተሩ ይጠፋል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጥፋቱ የዩፒኤሱ ላይሆን ይችላል። ዩፒኤስ መጥፎ ፓወር ሰፕላይን አያድነውም።

ዩፒኤስ ለመግዛት አቅም ከሌለስ? ነጻ የሆነው መፍትሔ ይኸው፦ መብራት ሲሄድ ገመዱን ከሶኬቱ ንቀሉ። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኬዙን በባዶ እግራችሁ ስትነኩት ነዘር ያደርጋችኋል? ብዙ ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ ስለተበላሸ አይደለም፤ ሶኬቱ ግራውንድ ስለሌለው ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ይለቃል፤ ያ ኤሌክትሪክ በግራውንድ ሽቦ ወደ መሬት መውረድ ነበረበት። መሬት ሲያጣ ኬዙ ላይ ይቀመጥና እናንተን ይጠብቃል። ኤሌክትሪሽያን ጠርታችሁ፣ የተከራያችሁም ከሆነ አከራያችሁን አስፈቅዳችሁ፣ ግራውንድ አስገቡ። "ለምደነዋል" መፍትሔ አይደለም።

በሻንጣ የመጣና ያገለገለ

የአክስት ልጅ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሲመጣ ፓወር ሰፕላይ ማስመጣት ጥሩ ሐሳብ ነው። ከአሜሪካ ከሆነ ግን ወረቀቱ ላይ "ከ100 እስከ 240 ቮልት" የሚል መኖሩን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ አድርጉ። ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ያለው ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኑን እዩ። 115 ላይ ሆኖ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል።

ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ ገመዶቹ የራሱ መሆናቸውን አረጋግጡ። ገመዱ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ላይ የአንዱን ኩባንያ ገመድ ከሌላው ጋር አታጋቡ። ሶኬቱ ልክ ይገባል፤ የውስጥ ሽቦው አቀማመጥ ግን ይለያያል። 5 ቮልት የሚጠብቀው ዲስክ 12 ቮልት ከጎረሰ አይተርፍም። ሳጥኑን ከፍታችሁ ለመጠገንም አትሞክሩ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይቆያል።

"ብር የለኝም"

ይህን የሚሉኝን አውቃለሁ፤ እኔም ብያለሁ። ግን በምሳሌ እንየው። በጥሩውና በነጻው መካከል ያለው ልዩነት 5,000 ብር ነው እንበል። መጥፎው ቢፈነዳ የሚያጠፋው ማዘርቦርድና ካርድ 40,000 ብር ያወጣል እንበል። እንዲህ ከሆነ ከስምንት መጥፎ ፓወር ሰፕላይ አንዱ ብቻ ቢፈነዳ እንኳን 5,000 ብሩ ራሱን መልሷል። ሥራ የተፈታበት ሳምንት፣ የተቀየመ ደንበኛ፣ የጠፋ ፋይል ሳይቆጠር። በነጻ የተባለው ዕቃ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ዋጋው የሚከፈልበት ቀን አልተነገረንም ማለት ነው።

ብሩ ከየት ይምጣ ካላችሁ፦ ከመስታወቱ ኬዝ ቀንሱ። ከሚያበራው ፋን ቀንሱ። ካርዱን በአንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ። ካርድ በኋላ ይቀየራል። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ያሻግራል።

ነጋዴዎቻችንስ?

ነጋዴውን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ዶላር ፈልጎ፣ ቀረጥ ከፍሎ፣ ኪራይ ከፍሎ የሚያመጣውን ዕቃ እኛ 200 ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት እንከራከርበታለን። "ጥሩውን አምጥቼው ማን ገዛኝ?" ያለኝ ነጋዴ አለ፤ ልክ ነው። አከርሎፍም ያለው ይህንኑ ነው።

ግን የሚያውቀው እሱ ነው። የሚያውቅ ሰው ደግሞ ኃላፊነት አለበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። 192 ዋት የሚሰጥ ሳጥንን "500 ነው፣ ሁሉንም ይችላል" ብሎ መሸጥ ትክክለኛ መረጃ ነው እንዴ? ቢያንስ ቢያንስ ሻጮች ሦስት ነገር ማድረግ ይችላሉ። በቴሌግራም ሲለጥፉ የካርቶኑን ፊት ብቻ ሳይሆን የጎኑን ሠንጠረዥ ፎቶ ጨምረው ይለጥፉ። ከኬዝ ጋር የሚመጣውን "ለቢሮ ሥራ ብቻ" ብለው ይናገሩ። ደረሰኝ ላይ የዋስትናውን ወር ይጻፉ። ሦስቱም ምንም ዶላር አይጠይቁም። የመጀመሪያው ይህን ያደረገ ሱቅ ደግሞ ከጎረቤቱ ይለያል፤ ኢኮኖሚስቶች ምልክት መስጠት የሚሉት ይህንን ነው።

የእኛ ድርሻ ደግሞ መጠየቅ ነው። ደረሰኝ ሳንቀበል አንውጣ። ጓደኛዬ ተቃጥሎበት ሲመለስ ደረሰኝ አልነበረውም። "እኛ ጋ መግዛትህን በምን አውቃለሁ?" ተባለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። አሥር ገዢ በቀን ገብቶ "12 ቮልቱ ስንት አምፒር ነው?" ብሎ ቢጠይቅ ሻጩ በሳምንቱ መልሱን ያጠናል፤ በወሩ ደግሞ ዕቃውን ይቀይራል። ገበያ የሚሰማው ብርን ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ጥያቄን።

ጓደኛዬ አሁን ሁለተኛውን ኮምፒውተር እየገጣጠመ ነው። ካርዱ ከበፊቱ ያነሰ ነው፣ ኬዙም የድሮው ነው። በቀደም አብረን ወጣን። ሻጩ ሳጥኑን አውጥቶ "አሪፍ ነው ብሮ፣ 600 ነው" ሲለው ጓደኛዬ መልስ አልሰጠም። ሳጥኑን አገላብጦ ጎኑን አየና ስልኩን አውጥቶ ማባዛት ጀመረ። ሻጩም አንገቱን አስግጎ የሚባዛውን ቁጥር አብሮ ያይ ነበር።